የፈቃድ ፍጥነትና የፊንጫ ትምህርት

የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. ባጸደቀው የውኃ መሠረተ ልማት ሕግ ውስጥ ትኩረቴን የሳበው አንድ ድንጋጌ አለ። ውኃን ከታችኛው ኩሬ ወደ ላይኛው እየገፉ ኃይል የሚያከማቹና ከወራጅ ወንዝ ጋር ያልተያያዙ ማመንጫዎች፣ ማመልከቻቸው ተሟልቶ በቀረበ በ2 ዓመት ውስጥ የፈቃድ ውሳኔ እንዲያገኙ ያዛል። ለመሆኑ ይህ ጉዳይ ለእኛ፣ በተለይም ለአምቦና ለምዕራብ ሸዋ ከተሞች ምን ይነግራቸዋል?

አሠራሩ ቀላል ነው። ኃይል በሚተርፍበት ሰዓት ውኃው በፓምፕ ወደ ላይ ይወጣል፤ ፍላጎት ሲያይል ተለቅቆ ተርባይን ያዞራል። ለመግፋት ከሚወጣው ኃይል ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ ያነሰው ይባክናል፤ ትርፉ ጊዜን መግዛት ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ ማመንጫ እስካሁን የለም። ሆኖም ነፋስና ፀሐይ እየተስፋፉ ሲሄዱ የማከማቻው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ከፍታና ገደል ደግሞ ከጉደር እስከ ዓባይ ሸለቆ ባለው ምድር ሞልቷል። ስለዚህ ጥያቄው ሳይቀድመን ታሪካችንን መመርመር ይገባናል።

የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ቀድሞ፣ የቆቃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ጀመሩ። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መብራት ኃይል አልሚውም ሻጩም እርሱ ራሱ ነበር፤ ፈቃድ የሚጠይቀውም ሆነ የሚከለክለው ሌላ አካል አልነበረም። ፍጥነት ከተባለ ከዚህ የበለጠ ፍጥነት የለም።

የዚህ ፍጥነት ዋጋ የታየው ከምዕራብ ሸዋ ጋር በሚጎራበተው ፊንጫ ላይ ነው። በዓለም ባንክ ብድር የተሠራው ግድብ እ.ኤ.አ. በ1973 በ100 ሜጋ ዋት ሥራ ጀመረ፤ ኋላም 4ኛው ተርባይን ተጨምሮ 134 ሜጋ ዋት ደረሰ። ኃይሉ በጌዶ በኩል ወደ አዲስ አበባ ተጓዘ። የጮመን ረግረግና ዙሪያው የነበረው የግጦሽና የእርሻ መሬት ግን በውኃ ተዋጠ። የተፈናቀለው ገበሬ በቂ ካሣ አላገኘም፤ ብዙው ወደ ተዳፋት እየወጣ አረሰ፤ ከተዳፋቱ የታጠበው አፈርም ተመልሶ ሐይቁን ይሞላ ጀመር። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፦ ያልተሰማው ገበሬ በደል ውሎ አድሮ የግድቡም ጉዳት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሕጉ በወረቀት ላይ ተሻሽሏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት የልማት ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጠ። አዋጅ ቁጥር 86/1989 የኤሌክትሪክ ኤጀንሲን አቋቁሞ ፈቃድ ሰጪውን ከአምራቹ ለየ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሳይጸድቅ ፈቃድ እንዳይሰጥ ከለከለ። የሚገርመው፣ ይኸው አዋጅ ለገምጋሚው መሥሪያ ቤት የሰጠው ጊዜ 15 የሥራ ቀናት ብቻ ነው። በወረቀት ደረጃ ከአሜሪካኖቹ 2 ዓመት ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ታዲያ ችግራችን የፍጥነት እጦት ነው ማለት እንችላለን?

የግልገል ጊቤ 3 ታሪክ መልሱን ይሰጣል። የግንባታ ውሉ ያለ ጨረታ በ1998 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ሥራውም ተጀመረ። የአካባቢ ግምገማው የጸደቀው ግን በ2000 ዓ.ም. ነበር። ቤቱ ከተጀመረ በኋላ የመሠረቱ ፈቃድ እንደ ተጠየቀ ያህል ነው። የጨረታው አለመኖርና የጥናቱ መዘግየት ከአበዳሪዎች ጋር የተካሄደው ክርክር ዋና ነጥቦች ሆኑ። ግድቡ የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። ጥናቱን በማስቀደድ ተቆጠበ የተባለው ጊዜ በክርክር ተመልሶ ተከፈለ።

የምዕራብ ሸዋ ሕዝብ ይህን ነገር ከሌላ አቅጣጫ ያውቀዋል። በ2006 ዓ.ም. በአምቦ፣ በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደግሞ በጊንጪ ተቃውሞ ሲነሣ ሰበቡ ግድብ አልነበረም። በአምቦ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን፣ በጊንጪ የደንና የስታዲየም ቦታ ነበር። ሥሩ ግን አንድ ነው፤ ስለ መሬቱ የተወሰነውን ባለመሬቱ መጨረሻ ላይ መስማቱ። የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ ማስተር ፕላኑ በጥር 2008 ተሰረዘ። አስቀድሞ ለመጠየቅ ስንት ወር በበቃ ነበር?

በእኔ እምነት ፈጣን ሕግን መቃወም ተገቢ አይደለም። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የታላቁን ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የመረቀች አገር፣ ኃይሉን የምታከማችበትንም ማሰብ አለባት። ከአሜሪካኖቹ ሕግ የምንማረው ግን ቁጥሩን ሳይሆን ምርጫውን ነው። አጭሩን መንገድ የሰጡት ለማንኛውም ግድብ አይደለም፤ የውኃን ፍሰት እምብዛም ለማይለውጥና ብርቅዬ ፍጥረታትን ለማይጎዳ ብቻ ነው። እኛም እንዲህ ያለ ሕግ ስናወጣ ነዋሪ ለማያፈናቅል ቦታ ፍጥነትን እንስጥ፤ ለሚያፈናቅለው ግን ምክክሩና ካሣው ከፈቃዱ በፊት ይጠናቀቅ። የካሣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከቀዳሚው 455/1997 የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ካሣ በራሱ ምክክርን አይተካም። ሽቦው በራሱ ላይ የሚያልፍ ከተማም ከብርሃኑ ድርሻው ምን እንደ ሆነ በፈቃዱ ውስጥ ይጻፍለት።

ማመልከቻውን የሚያዘገየው ገበሬው አይደለም። ሳይጠየቅ የቀረ ገበሬ ግን ግድቡንም መንግሥትንም እንደሚያዘገይ ፊንጫና ጊንጪ መስክረዋል።