ዐዋጅና ደመወዝ፦ የእጅ ሙያ ክብር በላፍቶ አካባቢ

በሀገራችን የእጅ ጥበብ ባለሙያን የሚያለብሰውና የሚያጫማው ኅብረተ ሰብ ራሱ ሲንቀው መኖሩ የታወቀ ነው። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው የሠሩት ዕቃ ከየቤቱ ሳይጠፋ፣ የሙያቸው ስም ግን መሰደቢያ ሆኖ ቆይቷል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያመለክታል። ይሁን እንጂ ዐዋጅ አንደበትን ሊገታ ቢችልም የባለሙያውን ገቢ አያሻሽልም። ይህን ጉድለት ንግድ እንዴት ሊሞላው እንደሚችል የአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ታሪክ ያስረዳል።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ መካኒሳ፣ ከመካኒሳም ወዲያ የዘነበ ወርቅ ሠፈር ይገኛል። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበ ወርቅ መታሰቢያነት እ.ኤ.አ. በ1934 ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ከተቋቋመው ሆስፒታል ነው፤ በዚሁ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1965 የአለርት ማእከል ተመሠረተ። ለሕክምና ከየክፍለ ሀገሩ ከመጡት ብዙዎቹ ከዳኑም በኋላ፣ መገለልን በመፍራት ወደ ትውልድ ቀያቸው ሳይመለሱ በአካባቢው ሠፈሩ። ሥራ የሚሰጣቸው በመጥፋቱም የብዙዎቹ መተዳደሪያ ምጽዋት ሆነ።

በዚህ ሠፈር ተወልዳ ያደገችው ቤተ ልሔም ጥላሁን የሒሳብ አያያዝ ትምህርቷን ከፈጸመች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት በአያቷ ይዞታ ላይ በአነስተኛ ካፒታል አቋቋመች። ከጎረቤቶቿ መካከል መፍተልና መሸመን የሚያውቁ ሞልተው ሳለ ሥራ ፈትተው መቀመጣቸውን ተመልክታ ነበር። የምርቱም መነሻ ባላገሩ ሲጫማው የኖረው በረባሶ ነው። ሶሉ ካረጀ የመኪና ጎማ ተቆርጦ፣ ላዩ በእጅ ከተፈተለና ከተሸመነ ጥጥ እየተሰፋ ወደ ውጭ ሀገር ገበያ ቀረበ። ድርጅቱ በዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት የምስክር ወረቀት በማግኘት ከዓለም የጫማ አምራቾች የመጀመሪያው ሆኗል።

በዚያው ዓመት የካናዳዋ ካቲ ማርሻል ሳባሃር የተባለውን የሽመና ድርጅት መሠረቱ፤ የሥራ ቦታውም መካኒሳ ሆነ። ሳባሃር ከጥጥ ሌላ፣ የጉሎ ቅጠል እየተመገበ የሚያድገውን የሐር ትል ምርት ይጠቀማል። የዚህ ትል ሐር አንድ ወጥ ክር ሆኖ ስለማይተረተር እንደ ጥጥ በእንዝርት መፈተል አለበት። ስለዚህም ከእናቶቻቸው የፈትል ሙያ የወረሱ ሴቶች አዲስ መሣሪያ ሳያስፈልጋቸው በቤታቸው ሆነው ሊሠሩት ቻሉ።

ለመሐንዲስ ትኩረት የሚሰጠው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የጎማው ሶል ትልቅ መኪና ሳይጠይቅ በቢላዋ ይቆረጣል፤ የጉሎው ሐር ለእንዝርት ይስማማል። ጥሬ ዕቃውና የአሠራሩ ዘዴ የተመረጡት በሠፈሩ ካለው ሙያ ጋር ተገናዝበው ነው። በመሆኑም በጎ አድራጎቱ ትርፍ ከተገኘ በኋላ የሚሰጥ ስጦታ ሳይሆን፣ በምርቱ ንድፍ ውስጥ አስቀድሞ የገባ ነው። አንድ ፋብሪካ ከመተከሉ በፊት የሚሣለው ንድፍ ማን ሥራ እንደሚያገኝና ማን ከደጅ እንደሚቀር ይወስናል።

ሆኖም ይህ መንገድ የራሱ አደጋ አለው። ገዢው በባሕር ማዶ ያለ ምርት በባሕር ማዶ ለሚወሰን ውሳኔ የተጋለጠ ነው። ኢትዮጵያ ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ገበያ ታስገባበት ከነበረው ከአጎዋ ዕድል እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ መሰረዟ ለዚህ ምስክር ነው። ፖለቲካው በመንግሥታት መካከል ሆኖ ሳለ ጉዳቱ እስከ ፈታይዋ እንዝርት ድረስ ሊወርድ ይችላል።

እንግዲህ ሙያውን የማስከበሩ ግማሽ ሥራ ለሀገር ውስጥ ገዢ የቀረ ነው። የሸማኔን ስም መስደብ ከተከለከለ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በሸማኔው ዋጋ ላይ ያለ ልክ መከራከርን ግን የከለከለ ዐዋጅ የለም። ያንን ሊተው የሚችለው ገዢው ራሱ ብቻ ነው።