መሪው የከበደ ጀልባ

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ የዛሬው ወሬ የባሮ ወንዝ ነው። ብርብርና ገባ ደጋ ላይ ተገናኝተው ባሮ ይሆናሉ፤ ባሮም ገደል ለገደል ወርዶ ጋምቤላ ከተማ ሲደርስ ረጋ ብሎ ሜዳው ላይ ይዘረጋል፤ ከዚያም በኢታንግ አልፎ ከፒቦር ጋር ይገናኝና ሶባት ተብሎ ነጭ ዓባይ ይገባል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ፣ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ የፈቀዱት በዚሁ በውሃው መንገድ ምክንያት ነው። ከዚያም ክረምት በመጣ ቁጥር የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነስተው ጋምቤላ እየደረሱ፣ ከጎሬና ከቡሬ በበቅሎ የወረደውን ቡና እየጫኑ ይመለሱ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፣ መርከቦቹም ከጊዜ በኋላ ቀሩ። ሰዉ ግን ከወንዙ አልቀረም። አኙዋኩም ኑዌሩም ከግንድ በተፈለፈለ ታንኳው ይሻገራል፤ ውሃው ሲሞላና የየብሱን መንገድ ጭቃ ሲውጠው ደግሞ ትንንሾቹ ሞተር ጀልባዎች ይነሳሉ።

አሁን አንድ ወጣት ባለጀልባ በዓይናችሁ አምጡልኝ። ጀልባው ከኅዳር ጀምሮ ዳር ላይ ወጥቶ ተቀምጧል፤ በየካቲትና በመጋቢት ወደ 40 ዲግሪ የሚደርሰው የጋምቤላ ሙቀት ሲመታው ከርሟል። ግንቦት ገባ፣ ደጋው ዘነበ፣ ባሮም ደፍርሶ ሞላ፤ ልጁም ጀልባውን ገፍቶ አስገባና ሞተሩን አስነሳ። ሞተሩ ተነሳ፣ መሪው ግን አልዞር አለ። በሁለት እጁ ያዘው፣ ትከሻውን ጨምሮ ታገለው፤ ትንሽ ዞረና ቆመ። ዳር ላይ ሕፃን ያዘለች እናት አለች፣ በቆሎ የጫኑ ነጋዴዎች አሉ፣ ሰማዩም ጠቁሯል። «ሲሄድ ይላቀቃል» አለ ልጁ።

አይላቀቅም፣ ወገኖቼ። ከላይ ጎርፍ የነቀለው ግንድ ሲመጣ መሪ በአንድ ጊዜ ካልታዘዘ፣ ያቺ እናት ምን ይውጣታል?

ደግነቱ በዚያው ዳር አንድ አዛውንት መካኒክ ነበሩና ቀርበው «ልጄ፣ መሪ ሲከብድ ጉልበት አይጨመርበትም፤ ሞተሩን አጥፋ» አሉት። «ጋሼ፣ ሰዉ ቸኩሏል» አላቸው። «እኔም ለሰዉ ብዬ ነው» አሉት፤ ከዚያም ጀልባው ወደ ዳር ተጎተተ።

መጀመሪያ ከመሪው የሚመጣውን ካቦ ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን ክንድ ፈቱና ሞተሩን በእጃቸው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ገፉት። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሞተሩ ብቻውን እንቢ ካለ፣ የደረቀው የሚዞርበት እንዝርት ነውና በትንሿ የግራሶ መሙያ አፍ አሮጌው እስኪወጣ ድረስ አዲስ ግራሶ ይገፋበታል። የልጁ ሞተር ግን በቀላሉ ዞረ፤ ጥፋቱ ከካቦው ወገን ነበር ማለት ነው። የካቦው ጫፍ የብረት ዘንግ ነው፣ ሞተሩ ጀልባውን በሚይዝበት ቱቦ ውስጥ ወጣ ገባ ይላል፤ ያምናው ግራሶ እዚያ ውስጥ እንደ ሰም ደርቆ፣ የገባው ውሃም ዘንጉን አዝጎት ነበር። አዛውንቱ ዘይት አጠጡትና ጊዜ ሰጡት፤ ከዚያም በብረት ሳይሆን በእንጨት ቀስ እያሉ መቱት፣ ወጣም። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አነሱ፣ ቱቦውን ጨርቅ በጠቀለሉበት እንጨት ውስጥ ለውስጥ ጠረጉት፣ ዘንጉንም አዲስ ግራሶ ቀብተው መለሱት። «ወደፊት በዚች በቱቦው አፍ ግራሶ ስትሞላ ዘንጉ ወደ ውስጥ ገብቶ ይሁን፤ ወጥቶ ሳለ ከሞላህ ግራሶው ታፍኖ ራሱ ይቆልፈዋል» አሉት። ክንዱን ሲያስሩ ልጁ መንገድ ላይ ያገኘውን ተራ ዳዶ አቀበላቸው፤ አልተቀበሉትም። የመሪ ዳዶ በንዝረት እንዳይፈታ ራሱን የሚቆልፍ ዓይነት መሆን አለበት፤ ያ ዳዶ ወንዝ መሃል ከወደቀ መሪ የሚባል ነገር የለም።

የልጁ ካቦ እንኳን ተርፏል። ዘንጉ ተጠርጎም መሪው ከከበደ ግን ዝገቱ ወደ ካቦው ልብስ ውስጥ ገብቷልና መድኃኒቱ መቀየር ብቻ ነው። ዘይት ቢያፈሱበት ጥቂት ለስልሶ ተመልሶ ይደርቃል። አዲሱ ካቦ ርዝመቱ ልኩን የጠበቀ ይሁን፣ ሲዘረጋም በጠባቡ አይታጠፍ።

ከዚያ በኋላ ልጁ መሪውን ከዳር እስከ ዳር በአንድ እጁ አዞረው፣ ባዶውን ጀልባም ውሃው ላይ ሞከረው፣ ያን ጊዜ ብቻ ሰዉን ጫነ፤ ዝናቡም እየጣለ ወደ ኢታንግ ወረዱ።

እናንተም በባሮ ዳር ጀልባ ያላችሁ ልጆቼ፣ ውሃው ሳይሞላ በሚያዝያ መሪያችሁን ከዳር እስከ ዳር አዙሩት። ከከበዳችሁ ፈትታችሁ እዩት፤ እስኪስተካከል ድረስም ሰው አትጫኑ።