ከጠለፋው በፊት የነበረው ወረቀት፦ በኢትዮጵያ የፖለቲካ ክትትል ላይ የተጻፈው እንደገና ሲነበብ

ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ የቴሌኮምና የኢንተርኔት ስለላ ያወጣው ሪፖርት ርዕሱ በትምህርተ ጥቅስ የታጠረ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የምናደርገውን ሁሉ ያውቃሉ» ማለት ነው። ከ100 በላይ ሰዎች የተጠየቁበት ይህ ሰነድ የሚገባውን ክብር አግኝቷል፤ ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ ብዕር ያነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከእርሱ ነው። የዚህ መጣጥፍ ጠብ ከምስክሮቹ ጋር አይደለም፤ ከርዕሱ ጋር ነው። «ያውቃሉ» የሚለውን ቃል ሪፖርቱ ከሞላ ጎደል የሚፈታው በመሣሪያ ነው፦ የቻይናው ዜድ ቲ ኢ ለኢትዮ ቴሌኮም የዘረጋው ሥርዓት፣ ከአውሮፓ የተገዛ የስለላ ሶፍትዌር፣ የተቀዳ ስልክ። እንዴት አወቁ ሲባል መልሱ «ጠልፈው» ይሆናል። የእኔ መልስ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያወቁት ተነግሯቸው፣ አልፎም ተጽፎ ተሰጥቷቸው ነው።

ስለ ጆሮ ጠቢ ጥንታዊነት እዚህ ማተት አያስፈልግም። በደርግ ዘመን የሆነውም በአጭሩ ይበቃል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት የመጀመሪያ ሥራቸው የቤት ኪራይ መሰብሰብን የመሰለ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትታሰስ ግን በየትኛው ቤት ማን እንደሚያድር የሚያውቀው የኪራይ መዝገቡን የያዘው ያው ቀበሌ ነበር። ይህን የሚያስተባብል ጸሐፊ አላጋጠመኝምና አልፈዋለሁ።

ክርክር ያለበት ቦታ ግን ዝርዝር ይፈልጋል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ፊንስፓይ የተባለው ሶፍትዌር የተቃዋሚውን የግንቦት 7 ድርጅት አባላት ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ ሲሠራጭ እንደነበረና የሚታዘዝበት ሰርቨርም በኢትዮ ቴሌኮም መስመር ላይ እንደተገኘ አሳየ። በየካቲት 2006 ዓ.ም. ደግሞ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ሶፍትዌር በቤልጅየምና በአሜሪካ ቨርጂኒያ በሚሠሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ጣቢያ ባልደረቦች ላይ መሞከሩን ይፋ አደረገ። አንደኛው ፋይል የተላከው ቀድሞ ከጣቢያው ጋር ይሠራ በነበረ ሰው የስካይፕ ስም ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የሚጠየቅበት ማሽን እንኳ ወደ ሰው ቤት ሊገባ ሲፈልግ ያንኳኳው በትውውቅ በር ነው። በኅዳር 2010 ዓ.ም. የወጣው ሌላው ጥናት የእስራኤሉን የሳይበርቢት ሶፍትዌር የተመለከተ ሲሆን፣ ከዒላማዎቹ መካከል በውጭ ይኖር የነበረው የፖለቲካ አቀንቃኝ ጃዋር መሐመድ ይገኝበታል። ሰላዮቹ የገዛ ሥራቸውን መዝገብ ማንም ሊያነበው በሚችል ሰርቨር ላይ ክፍት ትተውት ስለነበር ተመራማሪዎቹ ማን እንደተጠለፈ ከዚያው አነበቡ። ሁሉን ያውቃሉ የተባሉት ሰዎች በራቸውን መዝጋት አላወቁም ነበር።

በእነዚህ ላይ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረውን፣ ለደኅንነቱ ሲባል «ኪዳኔ» በሚል የተሸሸገ ስም ክስ የመሠረተውን ትውልደ ኢትዮጵያዊ እንጨምር። የቤት ኮምፒውተሩ ተጠልፎ የስካይፕ ንግግሩ ሲቀዳ እንደነበር ቢያስረዳም፣ የዋሽንግተን ዲሲ የይግባኝ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በደሉ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ አይደለም በማለት የኢትዮጵያን መንግሥት ለመክሰስ በር ዘጋበት።

እንግዲህ እነዚህን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ሊያመልጠው አይገባም ነበር። ስማቸው የወጣው ዒላማዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ይኖሩ የነበሩት ከአገር ውጭ ነው፤ የሳይበርቢቱ መዝገብም ቢሆን ኤርትራን ጨምሮ በብዙ አገሮች ያሉ ኮምፒውተሮችን ይዟል። የቀበሌ ሊቀመንበር የሌለበት፣ የጎረቤት ጥቆማ የማይደርስበት፣ ነዋሪው አንድ ለአምስት በሚባለው የመንግሥት መዋቅር ያልተደራጀበት ቦታ ነው። ሶፍትዌሩ የተገዛው የሰው ዓይን ባጠረበት ለመድረስ ነው። ሪፖርቶቹ የስለላው ልብ አድርገው የሣሉት ነገር በእኔ ንባብ የስለላው ቅጥያ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሂዩማን ራይትስ ዎች ራሱ ይህን ያውቅ የነበረ መሆኑ ነው። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ልማትና ነፃነትን አስመልክቶ ባወጣው ቀዳሚ ሪፖርት የቀበሌ ሹማምንት ማዳበሪያን፣ ብድርንና የእርዳታ እህልን የተቃዋሚ ደጋፊዎችን መቅጫ እንዴት እንዳደረጉት በሰፊው ዘርዝሯል። ማዳበሪያ ለመከልከል ገበሬው ማንን እንደሚደግፍ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያንን የነገራቸው ሰርቨር አልነበረም። ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ግን ያ ሁሉ የቀበሌ ዕውቀት ወደ ጀርባ ሄዶ ቴሌ ብቻውን መድረኩን ያዘ። የሁለተኛው ሪፖርት ጉዳይ ቴሌኮም ነውና በሌላው አይጠየቅም የሚል ይኖራል። «የምናደርገውን ሁሉ» የሚል ርዕስ የመረጠ ግን ስለ ሁሉ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ሁለት ተቃውሞዎች ይቀርቡብኛል። የመጀመሪያው፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ኮምፒውተሩን ሊያስመረምር ይችላል፣ ነቀምት ወይም ደሴ ያለው ግን አይችልም፤ ስለዚህ የአገር ውስጡ ጠለፋ ያልታየው ፈላጊ ስላጣ ነው። ይህ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ባልታየ ነገር ላይ የቆመ ክርክር ነው። ሁለተኛው ይበልጣል፦ በምርመራ ወቅት የተቀዳ ስልክ ለታሳሪዎች ተሰምቷል፣ የጥሪ ዝርዝርም ፊታቸው ተዘርግቷል። አልክድም። ዳሩ ግን ስልክ ለመቅዳት ቁጥሩን፣ ቁጥሩን ለማወቅ ደግሞ ሰውየውን ማወቅ ይቀድማል። ማን ለማን ደወለ የሚለው ዝርዝርም ቢሆን መዝገብ እንጂ ሌላ አይደለም፤ ሲም ካርዱ የወጣው በቀበሌ መታወቂያ ነው። ከቀበሌው ጠረጴዛ ወደ ቴሌ ጠረጴዛ ተሻገረ እንጂ መዝገብነቱን አልለቀቀም።

ችላ ወደተባለው ምንጭ ልምጣ። አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሰላማዊ ሰልፍና የሕዝባዊ ፖለቲካ ስብሰባ ሥነ ሥርዓት አዋጅ ነው። የሕግ ሰዎች የሚያነቡት እንደ መብት ሕግ ነው፤ የስለላ ተመራማሪዎች ደግሞ ጭራሽ አያነቡትም። አዋጁ ሰልፍ የሚያዘጋጅ ሁሉ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። የሰልፉን ዓላማ፣ የሚካሄድበትን ቦታና የሚያልፍባቸውን መንገዶች፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ እንዲሁም የአዘጋጆቹን ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይጠይቃል። ወረቀቱን በዓይነ ሕሊና እንየው። አዘጋጁ ሁለት ቅጂ ይዞ ማዘጋጃ ቤት ይሄዳል፤ አንዱን ያስገባል፣ በሌላው ላይ «ገቢ» የሚል ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር አስመትቶ ይመለሳል። በዚያች ቅጽበት መንግሥት ከየትኛውም ሶፍትዌር የማያገኘውን አግኝቷል፦ ማን እንደሚመራ፣ የት እንደሚኖር፣ ከነገ ወዲያ በስንት ሰዓት የት እንደሚቆም፣ በገዛ እጁ ፈርሞ።

ቋንቋውም ይመሰክራል። አዋጁ የሚለው «ማሳወቅ» ነው። በጋዜጣም፣ በፓርቲ መግለጫም፣ በሰው አፍም ግን ሰልፍ «እውቅና» ያገኛል ወይም ይነፈጋል፤ ጭራሽ «ፈቃድ» የሚሉም አሉ። አሳዋቂው ታዋቂ፣ ተቀባዩ አዋቂ ሆነ። ሰማያዊ ፓርቲ በግንቦት 25 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያካሄደው፣ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ትልቅ የተቃውሞ ሰልፍ የተባለው ሰልፍ እንኳ የሚወሳው በዚሁ ቃል ነው።

የ«ድምፃችን ይሰማ» ንቅናቄ ደግሞ ነገሩን ያለ አዋጁም ያሳያል። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ትምህርት ቤት የተነሳው የሙስሊሞች ጥያቄ 17 አባላት ያሉት የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ መረጠ። ኮሚቴው ስሙን ይዞ፣ ውክልናውን አስይዞ፣ ከፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር ጋር ለመነጋገር በቀን ብርሃን ገባ። በሐምሌ እስሩ ሲጀመር ፖሊስ ስም ዝርዝሩን መፈለግ አላስፈለገውም፤ ሥልጣን የሌለው ሕዝብ ሥልጣን ካለው ጋር ለመነጋገር ያቀረበው ዝርዝር ነበር። በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ የተፈረደው ቅጣት ከ7 እስከ 22 ዓመት ደረሰ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የተጠለፈ ስልክ አልነበረም አልልም፤ ለመታሰር የሚበቃው ዕውቀት ግን ከዚያ አልመጣም።

የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ነገር የባሰ ነው። ስማቸውን የወሰዱት ስምንት ዞን ካለው የቃሊቲ ወህኒ ቤት ነው፤ ዘጠነኛው ዞን ከቅጥሩ ውጭ ያለው አገር ሁሉ ነው። የሚጽፉት በእውነተኛ ስማቸው ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አጋማሽ ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ተይዘው፣ ቤታቸው ተበርብሮ ማዕከላዊ ምርመራ ሲገቡ ከቀረቡባቸው ነገሮች አንዱ ኮምፒውተርን ከጠላፊ ስለ መጠበቅ የተሰጠ ሥልጠና ነው። ጠለፋው ያን ያህል ሁሉን ቻይ ቢሆን ኖሮ ከጠለፋ መጠበቅን ወንጀል ማድረግ ለምን አስፈለገ? ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ከሽብር ክሱ ነፃ አወጣቸው፤ በፍቃዱ ኃይሉ ላይ ብቻ የማነሳሳት ክስ ቀረ። ከአምስቱ በስተቀር፣ እነርሱም ክሳቸው በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ተቋርጦ የወጡ ናቸው፣ የቀሩት አንድ ዓመት ተኩል ያህል ታስረው ነበር።

በዚያን ጊዜ የነበረውን የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 የሚተች ሁሉ አንቀጽ 14ን፣ ማለትም የጠለፋውን አንቀጽ ይጠቅሳል። አንቀጽ 14 ግን ቢያንስ በወረቀት ላይ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቅ ነበር። የክትትሉ እውነተኛ ጉልበት የነበረው አንቀጽ 23 ላይ ነው፤ ምንጩና የተገኘበት መንገድ ያልተገለጸ የደኅንነት ሪፖርትም ሆነ የስሚ ስሚ በማስረጃነት እንዲያዝ ይፈቅድ ነበር። ጆሮ ጠቢው በዚህ አንቀጽ ስሙን ሳይናገር ችሎት ፊት ቆመ። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል፤ በዘመኑ ስለ አንቀጽ 23 የተጻፈው ግን ስለ አንቀጽ 14 ከተጻፈው ጋር አይወዳደርም ብዬ አምናለሁ። ጠለፋ ለውጭ አንባቢ ይገባዋል፤ የጎረቤት ሹክሹክታ አይተረጎምለትም።

ይህ ንባብ በጥቂት ጉዳዮች ላይ የቆመ መሆኑን፣ የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ መዛግብት ሲከፈቱ ሊስተካከል እንደሚችል መናገር ወግ ነው፤ ተናግሬያለሁ። እስከዚያው ግን ሊነበብ የሚችል ማስረጃ በየማዘጋጃ ቤቱ ፋይልና በየፓርቲው ጽሕፈት ቤት አለ። በ1997ም ሆነ ከዚያ ወዲህ የሰልፍ ማሳወቂያ ያስገባችሁ፣ «ገቢ» የተመታበት ቅጂ በመሳቢያችሁ ካለ አትጣሉት፤ ከነማኅተሙና ከነቁጥሩ አቆዩት።