የተለዋዋጭ ወሰን (ፒኤችፒ)

የተለዋዋጭ ወሰን በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ተለዋዋጭ በስሙ ሲጠራ የሚታወቅበት የኮድ ክፍል ነው። ተለዋዋጭ ማለት ቁጥር፣ ጽሑፍ ወይም ሌላ እሴት የሚቀመጥበት ስም ሲሆን በፒኤችፒ ሁልጊዜ በዶላር ምልክት ይጀምራል። ለምሳሌ $ዋጋ። ፒኤችፒ ራስመስ ሌርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ የለቀቀው፣ በሰርቨር ላይ እየሠራ ድረ ገጽ አዘጋጅቶ የሚልክ ቋንቋ ነው። የአማርኛ ውክፔዲያ የሚሠራበት ሚዲያዊኪ የተባለው ሶፍትዌርም የተጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነው።

የፒኤችፒ የወሰን ሕግ ከብዙ ቋንቋዎች ይለያል። በሲ ወይም በጃቫስክሪፕት ከፋንክሽን ውጭ የተሰየመ ተለዋዋጭ በፋንክሽኑ ውስጥ ያለ ምንም ተጨማሪ ትእዛዝ ይታያል። በፒኤችፒ ግን አይታይም። ከሌላ ቋንቋ የመጡ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

ውስጣዊ እና ግሎባል ወሰን

በአዲስ አበባ የቤት ቁጥር ብቻውን አድራሻ አይሆንም። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ መካኒሳ፣ ቁጥሩ 312 የሆነ ቤት ቢኖር በሌላ ክፍለ ከተማም 312 ሊኖር ይችላል፤ ክፍለ ከተማውና ወረዳው ካልተጠቀሰ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ተለዋዋጭም እንደዚሁ ነው። በአንድ ፋንክሽን ውስጥ የተሰየመ $ዋጋ እና በሌላ ፋንክሽን ውስጥ የተሰየመ $ዋጋ ስማቸው ብቻ አንድ ነው። አንዱ ቢቀየር ሌላው አይነካም።

በፋንክሽን ውስጥ የተሰየመ ተለዋዋጭ ውስጣዊ ይባላል፤ ፋንክሽኑ ሥራውን ሲጨርስ አብሮ ይጠፋል። ከማንኛውም ፋንክሽን ውጭ የተሰየመው ደግሞ ግሎባል ይባላል። ስሙ «ዓለም አቀፍ» ማለት ቢሆንም በፒኤችፒ ግሎባል ተለዋዋጭ በፋንክሽን ውስጥ በራሱ ስለማይገባ ስያሜው ትንሽ ያሳስታል።

መካኒሳ ውስጥ ያለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ዕቃዎቹን በድረ ገጽ ይሸጣል እንበል። የተጨማሪ እሴት ታክስ በኢትዮጵያ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰበሰበው በ15 በመቶ መጣኔ ነው። የድረ ገጹ ኮድ እንዲህ ቢጻፍ (ቁልፍ ቃላቱ እዚህ በፊደል ተጽፈዋል፤ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚጻፉት በላቲን ነው)፦

$መጣኔ = 0.15;
ፋንክሽን ጠቅላላ($ዋጋ) {
    ሪተርን $ዋጋ + $ዋጋ * $መጣኔ;
}
ኤኮ ጠቅላላ(1000);

የሚጠበቀው መልስ 1150 ነው፤ የሚወጣው ግን 1000 ነው። ፋንክሽኑ $መጣኔ የሚለውን ስም የሚፈልገው በራሱ ወሰን ውስጥ ብቻ ስለሆነ አያገኘውም። ያልተሰየመ ተለዋዋጭ ባዶ እሴት ይሰጣል፣ ባዶው በስሌት ውስጥ እንደ ዜሮ ይቆጠራል፣ ታክሱም ዜሮ ይሆናል። ፕሮግራሙ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ከፒኤችፒ 8 ወዲህ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ቀለል ያለ ማሳሰቢያ ነበር። ለደንበኞች ክፍት በሆነ ሰርቨር ላይ ደግሞ ማስጠንቀቂያ በገጹ ላይ እንዳይታይ ማድረግ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የ1000 ብር ሽያጭ 150 ብር ሳይሰበሰብ ይቀራል፤ የመዝገብ ፋይሉን ያላየ ባለሱቅ ጉድለቱን የሚያውቀው ታክስ ሲያሳውቅ ሊሆን ይችላል።

ከውጭ እሴት ማስገቢያ መንገዶች

ተመራጩ መንገድ መጣኔውን ከዋጋው ጋር ለፋንክሽኑ እንደ ግብዓት መስጠት ነው። ፋንክሽኑ የሚያስፈልገው ሁሉ በመጀመሪያው መስመር ላይ ስለሚታይ አንባቢው ሌላ ፋይል መፈለግ የለበትም። ዘወትር የማይለወጥ እሴት ከሆነ ደግሞ ኮንስታንት ማድረግ ይቻላል፤ ኮንስታንት የዶላር ምልክት የለውም፣ በየትኛውም ፋንክሽን ውስጥም ይታያል።

ግሎባል የሚለው ቁልፍ ቃል በፋንክሽኑ ውስጥ ሲጻፍ የውጪውን ተለዋዋጭ በዚያው ስም ያገናኛል። የሚያገናኘው ግልባጩን ሳይሆን ራሱን ስለሆነ በፋንክሽኑ ውስጥ የተደረገ ለውጥ ውጭም ይታያል። ተለዋዋጩን በፋንክሽኑ ውስጥ መሰረዝ ግን ግንኙነቱን ብቻ ይቆርጣል፤ የውጪው እንዳለ ይኖራል። ይህ መንገድ ለአጭር ፕሮግራም ያገለግላል። ፕሮግራሙ ሲያድግ ግን አንድን እሴት የትኛው ፋንክሽን እንደቀየረው ማወቅ አድካሚ ይሆናል።

ሱፐርግሎባል የሚባሉ ጥቂት ተለዋዋጮች ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 ከወጣው ከፒኤችፒ 4.1 ጀምሮ $_ጌት፣ $_ፖስት እና $_ሴሽን በሁሉም ቦታ ይታያሉ።

ስም አልባ ፋንክሽን እ.ኤ.አ. በ2009 በፒኤችፒ 5.3 ሲመጣ ሕጉ አልተለወጠም፤ የሚፈለገው የውጭ ተለዋዋጭ «ዩዝ» በሚለው ቃል አንድ በአንድ መዘርዘር አለበት። የሚወሰደውም ፋንክሽኑ በተፈጠረበት ጊዜ የነበረው እሴት ነው። በፒኤችፒ 7.4 (2019 እ.ኤ.አ.) የገባው አጭሩ የቀስት ፋንክሽን ግን በዙሪያው ያሉትን ተለዋዋጮች ሳይዘረዘሩ ያነብባል።

ወሰን የማይፈጥሩ ብሎኮች

ሁኔታን የሚፈትሹና የሚደጋግሙ ብሎኮች በፒኤችፒ የራሳቸው ወሰን የላቸውም። በድግግሞሽ ውስጥ የተሰየመ ተለዋዋጭ ድግግሞሹ ካለቀ በኋላም የመጨረሻውን እሴት እንደያዘ ይቆያል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም፤ ተለዋዋጩ በማጣቀሻ ምልክት (&) ሲወሰድ ግን አደገኛ ነው። የሱቁ ዝርዝር ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ላጲስ ቢሆንና $ዕቃ በማጣቀሻ ዝርዝሩን ዞሮ ቢጨርስ፣ ከዚያ በኋላም ከላጲሱ ቦታ ጋር እንደተያያዘ ይቀራል። በዚያው ስም ያለ ማጣቀሻ ሁለተኛ ዙር ሲካሄድ ዝርዝሩ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ እስክሪብቶ ይሆናል። መፍትሔው ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ተለዋዋጩን መሰረዝ ነው።

ስታቲክ ተለዋዋጭ እና የጥያቄ ዕድሜ

ስታቲክ ተብሎ የተሰየመ ውስጣዊ ተለዋዋጭ ፋንክሽኑ ሲጨርስ አይጠፋም፤ በሚቀጥለው ጥሪ የነበረውን እሴት ይዞ ይገኛል። ስንት ጊዜ እንደተጠራ ለመቁጠር ይመቻል። ይሁን እንጂ ስታቲክም ሆነ ግሎባል ዕድሜያቸው አንድ ጥያቄ ነው። በተለመደው አሠራር ብራውዘሩ ገጹን በጠየቀ ቁጥር ፕሮግራሙ ከባዶ ይጀምራል፣ ገጹ ተልኮ ሲያበቃም ተለዋዋጮቹ ሁሉ ይጠፋሉ። በአንድ ሰዓት ከመካኒሳ እና ከባሕር ዳር ገጹን የከፈቱ ሁለት ደንበኞች አንድ ግሎባል ተለዋዋጭ አይጋሩም፤ የአንዱ ቅርጫት ከሌላው ጋር የማይቀላቀለውም አንድም በዚህ ምክንያት ነው። የጎብኚዎችን ቁጥር በስታቲክ ለመያዝ የሞከረ ሰው ሁልጊዜ 1 ያገኛል። ከአንድ ጥያቄ በላይ መቆየት ያለበት መረጃ በሴሽን፣ በፋይል ወይም በዳታቤዝ ይቀመጣል።

የሬጂስተር ግሎባልስ ታሪክ

በቀድሞዎቹ የፒኤችፒ ዕትሞች ሬጂስተር ግሎባልስ የሚባል ቅንብር ነበር። ተጠቃሚው በአድራሻው መስመር ወይም በቅጽ የላከውን ማንኛውንም ስም በቀጥታ ግሎባል ተለዋዋጭ ያደርገው ነበር። ለጀማሪ ምቹ ነበር፤ ለአጥቂም እንዲሁ። አንድ ገጽ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሲሆን ብቻ $ተፈቅዷል የሚለውን 1 የሚያደርግ ከሆነና መጀመሪያ ላይ 0 ካላደረገው፣ አጥቂው በአድራሻው ጫፍ ላይ «?ተፈቅዷል=1» ጨምሮ ያለ ይለፍ ቃል ይገባ ነበር። በፋንክሽን ውስጥ የተጻፈ ኮድ ግን ጠባብ ወሰኑ ከዚህ ይከላከልለት ነበር፤ ጀማሪዎች የሚያማርሩበት ሕግ እዚህ ላይ ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል። ቅንብሩ እ.ኤ.አ. በ2002 በፒኤችፒ 4.2 እንደ መነሻ ተዘግቶ መምጣት ጀመረ፣ በ2012 በፒኤችፒ 5.4 ጨርሶ ተወገደ።

በሚዲያዊኪ

ሚዲያዊኪ ቅንብሮቹን በግሎባል ተለዋዋጮች ይይዛል። ከሌሎች ስሞች ጋር እንዳይጋጩ ስማቸው የሚጀምረው ደብሊው እና ጂ በሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ነው፤ አንድ ዊኪ በአማርኛ እንደሚሠራ የሚነግረው ተለዋዋጭ ከእነዚህ አንዱ ነው። ፕሮግራሙ እያደገ ሲሄድ ግን አዘጋጆቹ አዲስ ኮድ ቅንብሩን በግብዓት እንዲቀበል ማድረግን መርጠዋል።

በአማርኛ የተሰየሙ ተለዋዋጮች

ፒኤችፒ በተለዋዋጭ ስም ውስጥ ከ128 እስከ 255 ያሉትን ባይቶች ሁሉ ይቀበላል። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት እንደዚህ ያሉ ባይቶች ስለሚይዝ $የቤት_ቁጥር ትክክለኛ ስም ነው። ይሁንና ቋንቋው የሚያወዳድረው ባይቱን እንጂ ድምፁን አይደለም። $ዓመት እና $አመት፣ $ፀሐይ እና $ጸሃይ የተለያዩ ተለዋዋጮች ናቸው። አንዱ ቦታ በዐይኑ «ዓ» ሌላው ቦታ በአልፋው «አ» የጻፈ ሰው የሚያየው ያው «ያልተሰየመ ተለዋዋጭ» የሚል ማስጠንቀቂያ ስለሆነ ስሕተቱን የወሰን አድርጎ ሊፈልገው ይችላል። ሁለት ነጥብ (፡) እና አራት ነጥብ (።) ጭምር በዚሁ የባይት ክልል ስለሚወድቁ የስሙ አካል ሆነው ይቆጠራሉ፤ በመስመር መጨረሻ በነጠላ ሰረዝና ነጥብ (;) ፋንታ በልማድ አራት ነጥብ ቢገባ $ዋጋ። የሚል ሌላ የተለዋዋጭ ስም ሆኖ ይነበባል።