ጠገራ ብር፣ የውጫሌ ውልና የቀልድ ሳንቲም

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ሐይቅን አልፎ አምባሰል ሲገባ ውጫሌን ያገኛል፡፡ እንደሚታወቀው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል ሲነሣ ሁላችንም የምንጠቅሰው አንቀጽ 17ን ነው፡፡ ውሉ ግን ተከታይ ነበረው፡፡ ደጃዝማች መኮንን በ1882 ዓ.ም. መስከረም ወር ጣልያን ድረስ ሄደው የተዋዋሉት ተጨማሪ ስምምነት ስለ 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድርና ስለ ገንዘብ ይናገራል፡፡ ዐፄ ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ በጣልያን መንግሥት ማተሚያ ቤት እንዲያስቀርጹ፣ ያም ገንዘብ ጣልያን በአፍሪካ በያዘቻቸው ግዛቶች ጭምር እንዲሠራ የሚፈቅድ ነበር፡፡ አንቀጽ 17 የውጭ ጉዳያችንን ሊነጥቀን ሲሞክር ተጨማሪው ስምምነት ደግሞ የኪሳችንን ቁልፍ በሮም እጅ ሊያኖር ነበር ማለት ነው፡፡

ዐፄ ምኒልክ ይህን አልተቀበሉም፡፡ በ1885 ዓ.ም. የራሳቸውን ገንዘብ አወጁ፤ በፓሪስም አስቀረጹት፡፡ በአንድ ገጹ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌላው የይሁዳ አንበሳ አለበት፡፡ የዚህ ብር ክብደት 28 ግራም ያህል፣ የብሩም ጥራት ከአንድ ሺህ 835 እጅ ነበር፡፡ ሕዝቡ የለመደው ጠገራ፣ ማለትም የማርያ ቴሬዛ ብር፣ ክብደቱ እንዲሁ 28 ግራም ገደማ፣ ጥራቱ 833 እጅ ነው፡፡ በሚዛን ሲታዩ ወንድማማች ናቸው፡፡

ሆኖም ከዋና ከተማው ራቅ ሲል ባላገሩ የገዛ ንጉሡን ብር አላመነም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1780 የሞተችውን፣ በዓይኑ ያላያትን፣ በቋንቋዋ የማይግባባትን የኦስትሪያ ንግሥት መረጠ፡፡ በዘውዷ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እየቆጠረ፣ የደረቷን ጌጥ እየመረመረ፣ የተፋቀውን እየመለሰ ተገበያየባት፡፡ ጣልያን በኤርትራ ያወጣው የኡምቤርቶ ታለርም ዕድሉ ከዚህ የተሻለ አልነበረም፡፡ በ1928 ዓ.ም. ወራሪው ያመጣው የወረቀት ሊሬም ቢሆን ጠገራውን ከየማሰሮው ሊያስወጣ አልቻለም፡፡

ለመሆኑ ይህ ድንቁርና ነበርን? በእኔ እምነት አልነበረም፡፡ ብሩ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ያለው ከብሩ ጀርባ በቆመው ኃይል ላይ ነው፡፡ ገዥ ይሻራል፣ ይዘምታል፣ ግብር ይጨምራል፤ የሞተች ንግሥት ግን አዋጅ አታወጣም፡፡ ድምፅ መስጫ ሣጥን ያልነበረው ባላገር ገበያ ላይ ድምፁን ሰጠ፡፡ ገንዘብን መቀበልና አለመቀበል የመጀመሪያው የፖለቲካ ምርጫችን ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም፡፡

መንግሥት ይህን አመኔታ ያገኘው ቆይቶ ነው፡፡ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ ወረቀቱ ብቻውን አልመጣም፤ ከአሜሪካ በተገኘ ብር የተቀረጸ 50 ሳንቲም አጅቦት ነበር፡፡ ሕዝቡ ወረቀቱን በብሩ ዋስትና ለመደው፡፡ በመንግሥትና በሕዝብ መካከል የተደረገ ያልተጻፈ ውል ይህ ነው፡፡

ከዚያ በኋላ ይህ ውል ስንት ጊዜ ተፈተነ? ደርግ በ1969 ዓ.ም. የንጉሡን ኖት በራሱ ብር ለወጠ፡፡ በ2013 ዓ.ም. መስከረም ኖቶቹ እንደገና ተለወጡ፤ አሮጌውን ለመቀየር የተሰጠው ጊዜም ሦስት ወር ነበር፡፡ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅንና ደሴን ሲያዳርስ የባንክ ደብተር የያዘ ሰው ደብተሩን ታቅፎ ቀረ፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፡፡ በደመወዝ ለሚኖር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም፡፡

አሁን ወደ ዘመናችን ጠገራ እንምጣ፡፡ ደርግ ብሩን ባሳተመበት እ.ኤ.አ. በ1976 የቪየና ተወላጁ ፍሪድሪክ ሃየክ ገንዘብ ከመንግሥታት እጅ ወጥቶ ለግል ውድድር ይለቀቅ የሚል መጽሐፍ አሳተመ፡፡ ግለሰብ ከመንግሥት መዳፍ ነፃ ይውጣ ለሚሉት ሊበርታሪያኖች ይህ ትልቅ ተስፋ ሆነ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2009 ጥር ወር፣ ባንኮች በሕዝብ ገንዘብ በሚታደጉበት የቀውስ ወቅት፣ ቢትኮይን ተወለደ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ሁለት ባለሙያዎች በአንድ ውሻ ሥዕል ዶጅኮይንን ለቀልድ ፈጠሩ፡፡ ቀልዱ ግን ቁም ነገር ነበረው፤ «የእናንተም ገንዘብ ከዚህ የተሻለ ምን አለው?» የሚል ሽሙጥ ነው፡፡

ሽሙጡ እኛም ዘንድ ደርሷል፡፡ በ2016 ዓ.ም. ከማስተምራቸው ወጣቶች ብዙዎቹ በቴሌግራም ሃምስተር ኮምባት የምትባለውን አይጥ መሰል ፍጥረት ቀን ከሌት በጣታቸው ይነካኩ ነበር፡፡ ሳንቲሟ መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ለገበያ ስትቀርብ አብዛኞቹ የደረሳቸው የወራት ድካማቸውን የማይመጥን ነበር፤ ምንም ያላገኙም አሉ፡፡ ሥራ ፈቶች ናቸው ብሎ መሳቅ ይቀላል፡፡ ነገር ግን ተምሮ ሥራ፣ ቆጥቦ ዋጋ ያጣ ትውልድ ምን ይጨብጥ? ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል፡፡

ያም ሆኖ አረፋ አረፋ ነው፡፡ የአምባሰል ባላገር ንጉሡን ሲጠራጠር በእጁ 28 ግራም የሚመዘን ነገር ነበረው፤ የዛሬው ወጣት የያዘው ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ገዢ ተስፋ ብቻ ነው፡፡ ነፃነቱም ቢሆን የታሰበው አይደለም፡፡ በጥር 2017 ዓ.ም. ዶናልድ ትራምፕ ቃለ መሐላ ሊፈጽሙ ሦስት ቀን ሲቀራቸው በስማቸው ሳንቲም አወጡ፡፡ ከጠቅላላው 80 በመቶው ከእርሳቸው ጋር በተሳሰሩ ኩባንያዎች እጅ ነበር፡፡ ዋጋው በሁለት ቀን ከ70 ዶላር አልፎ በጥቂት ወራት ከ10 ዶላር በታች ወረደ፡፡ በየካቲት ደግሞ ሊበርታሪያን ነኝ የሚሉት የአርጀንቲናው ፕሬዚዳንት ሃቪየር ሚሌይ ያስተዋወቁት ሊብራ በሰዓታት ውስጥ ወደቀ፡፡ ከገዥ መልክ ሽሽት የተጀመረው ጉዞ በገዥ መልክ ተደመደመ፤ ከሕግ ነፃ የወጣውም ዜጋው ሳይሆን ገዥው ሆነ፡፡

ጠገራችንም ከዚህ ነፃ አልነበረችም፡፡ ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1935 የማርያ ቴሬዛን ማኅተም ከቪየና አስመጥቶ ሮም ላይ ብሯን አስቀረጸ፤ ለወረራውም አዋላት፡፡ ባለቤት የሌለው የመሰለን ገንዘብ ማተሚያው በማን እጅ እንዳለ ሳንጠይቅ ቆየን፡፡

መንግሥትስ ምን አደረገ? ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አሳሰበ፡፡ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በበኩሉ ቢትኮይን ለሚያመርቱ የውጭ ኩባንያዎች ኃይል ሸጦ ዶላር ሰበሰበ፡፡ ለዜጋው ክልክል፣ ለካዝናው ግን ሲሳይ ማለት ነው፡፡

ውድ አንባቢዬ፣ ምኒልክን ያህል ንጉሥ፣ የዓድዋን ያህል ድል ይዞም፣ ብሩን በአዋጅ ብቻ ሊያስቀበል አልቻለም፡፡ በ1937 ዓ.ም. ወረቀቱ የተለመደው ሕዝቡ ሊመዝነው የሚችል ነገር አብሮ ስለቀረበለት ነው፡፡ ዛሬም ወጣቱን ከቀልድ ሳንቲም የሚመልሰው ክልከላ ሳይሆን የሚመዘን ነገር ነው፦ ሲያድር የማይሟሟ ደመወዝ፣ በክፉ ቀን የማይዘጋ ባንክ፣ ለሁሉም እኩል የሚሠራ ሕግ፡፡ እስከዚያው ድረስ ግን ወጣቶቻችን ብሩን ሲጠራጠሩ የቆዩበትን ዓይን በሳንቲሙም ላይ ያሳርፉ፤ እንደ አባቶቻቸው ዕንቁዎቹን ይቁጠሩ፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡