የዱር ምግብ በአሊዩ አምባና በአንኮበር ተራራ ሥር

ታሪክ በተባለ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበን የነገሥታት ሥራና የጦር ሜዳ ውሎ ነው። ነገር ግን ሕዝብ በየዘመኑ ምን በልቶ እንደ ኖረ መመርመርም ታሪክ ነውና፣ እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች ስለ አገራችን የዱር ምግብ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

አሊዩ አምባ ከአንኮበር ቁልቁል፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት መንገድ ላይ ያለች የጥንት ገበያ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም.) ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ነጋዴዎች ይሰፍሩባት ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተንም በ1834 ዓ.ም. መጥቶ ተቀምጦባት ስለ ኑሮዋ ጽፏል። አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ በአንድነት የሚገበያዩባት ይህች ስፍራ በአሞሌ ጨውና በባሪያ ንግድ ትታወቃለች፤ ስለ ድኻው ድስት ግን የተጻፈው ጥቂት ነው።

ደጋውና ቆላው የሚቀራረቡ ስለ ሆነ የዱር ምግቡም ብዙ ዓይነት ነው። በደጋው ሳማ፣ ጦስኝ፣ ቀጋና እንጆሪ ይበቅላሉ። ወረድ ሲሉ አጋምና ዋንዛ፣ ከዚያም ሾላና ቁርቁራ ይገኛሉ። ፍሬው ይልቁንም የእረኞች ስንቅ ነው። ጦስኙን እናቶች ለቅመውና አድርቀው ሻይና ሽሮ ያጣፍጡበታል፤ ከቤት የተረፈውንም ለገበያ ያወጡታል።

ከሁሉ ይልቅ ልናመሰግነው የሚገባን ሳማ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው የሚጎድልበት፣ አዝመራውም ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነው። ሳማ ግን በዚያው ዝናብ ይለመልማል። የፍልሰታ ጾምም በዚሁ ወራት ስለሚውል ለጿሚው ወጥ ይሆናል። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ እጅን በጨርቅ ጠቅልሎ ለጋውን ጫፍ መቁረጥ፣ አጥቦ በፈላ ውኃ መቀቀል፣ ከዚያም አድቅቆ የገብስ ዱቄት ወይም ሽሮ እየነሰነሱ ማማሰል፣ በመጨረሻ ጨውና ቃሪያ ጨምሮ በእንጀራ መብላት ነው። የሚለበልበው ቅጠል እሳት ሲነካው የዋህ ይሆናል።

በጥጋብ ዘመን ማባያ የነበረው በችግር ዘመን ነፍስ ማቆያ ሆነ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬዎቹን ስለ ፈጀ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመረበት። ይህም እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የዘለቀው «ክፉ ቀን» ነው። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ መኳንንቱን ለሥራ ሲያነሣሡ፣ ሕዝቡ ቅጠልና ሥር ፍለጋ በየዱሩ ተበተነ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኃብም አያሌ ሰዎች ወደ ዱር ተመልሰዋል።

ይሁን እንጂ ዱር ሁሉን ይመግባል ብለን አንመካም። ቅጠል ጎተራን አይተካም፤ በክፉ ቀንም ያለቀው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ዕውቀት የጎደለው ምግብም ይጎዳል። ድርቅ የማይበግረው ጓያ እንኳ፣ የሚዘራ እህል ሲሆን፣ ሌላ በጠፋ ጊዜ ለብዙ ሳምንት ከተበላ እግርን ሽባ ያደርጋል። ስለዚህ የሚበላውን ከማይበላው፣ ለጋውን ከጎለመሰው የሚለይ ሰው ትልቅ ሀብት አለው።

ይህም ሀብት ያለው በመጻሕፍት ሳይሆን በእናቶቻችንና በአያቶቻችን ዘንድ ነው። እኛ ግን ሳማ መብላት የድኽነት ምልክት ይመስለንና እናፍርበታለን። የምናፍርበትን ነገር አንጠይቅም፤ ያልጠየቅነውም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ በዚህ ክረምት ወደየቤታችሁ ስትመለሱ የአያቶቻችሁን ቃል በደብተራችሁ ጻፉ፤ የቅጠሉን ስም፣ የሚለቀምበትን ወር፣ የሚበስልበትንም መንገድ። ወላጆቻችንም ሳታፍሩ ንገሩን። ያቆያችሁንን ምግብ ማክበር እናንተን ማክበር ነው።