የዳቦ ሒሳብ ከለንደን እስከ አሜሪካ

ለንደን ውስጥ፣ ሃመርስሚዝ በሚባለው ሰፈር፣ ጄ. ላየንስ የተባለው ኩባንያ ካድቢ ሆል በተሰኘው ሰፊ ግቢው ዳቦ፣ ኬክና ፓይ ይጋግር ነበር። ምርቱ ኩባንያው ከ1894 ጀምሮ ወደከፈታቸው ሻይ ቤቶችና ወደ ሱቆች ይከፋፈል ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከአንድ ኬክ የሚተርፈው ጥቂት ሳንቲም ስለነበር፣ ምርቱ ምን እንደፈጀና ምን እንዳስገኘ በየሳምንቱ ማወቅ ግድ ነበር። ይህን የሚያሰሉት ብዙ የሒሳብ ሠራተኞች ነበሩ።

ኩባንያው በ1947 ሁለት ኃላፊዎቹን ወደ አሜሪካ ልኮ አዲሶቹን የኤሌክትሮኒክስ ማስሊያዎች አስጠና። ከዚያም ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው የኤድሳክ ኮምፒውተር ሥራ ገንዘብ ረዳ፤ ኤድሳክን መነሻ አድርጎም የራሱን ሠራ። ስሙን ሊዮ አለው። ወደ 6,000 የሚጠጉ የመብራት አምፖል መሳይ ቫልቮች ነበሩት፤ ቁጥሮቹን የሚያቆየው በሜርኩሪ በተሞሉ ቱቦዎች ነበር። በኅዳር 1951 መጨረሻ የዳቦ ቤቱን የሳምንት ሒሳብ መሥራት ጀመረ። ኮምፒውተር ለንግድ ሥራ በመደበኛነት ሲያገለግል ይህ የመጀመሪያው ነው ተብሎ ይታወቃል።

ሊዮ የሚነግረው ግን የተጋገረው ስንት እንደፈጀ ነው። ነገ በትንሹ ወጪ እንዴት ይጋገር የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

የዚህኛው መልስ የጀመረው ከአሜሪካ ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ስቲግለር በ1945 አንድ ሰው ጤናውን ጠብቆ ለመኖር ቢያንስ የስንት ዶላር ምግብ ይበቃዋል ብሎ ጠየቀ። 77 ምግቦችንና 9 የንጥረ ምግብ መስፈርቶችን ይዞ በብልሃት ሲያሰላ፣ በ1939 ዋጋ በዓመት 39.93 ዶላር ላይ ደረሰ። ዝርዝሩ የስንዴ ዱቄት፣ የታሸገ ወተት፣ ጥቅል ጎመን፣ ስፒናችና ነጭ ቦሎቄ ነበር። በ1947 ጆርጅ ዳንትዚግ ሲምፕሌክስ የተባለውን የመስመራዊ ፕሮግራሚንግ (ገደቦችን ጠብቆ ትንሹን ወጪ የመፈለግ) ዘዴ ሲያገኝ፣ ጃክ ላደርማንና ባልደረቦቹ በዚሁ ጥያቄ ፈተኑት። በእጅ በሚንቀሳቀሱ ማስሊያዎች 120 የሰው ቀን የወሰደው ሥራ 39.69 ዶላር አወጣ፤ ስቲግለር የሳተው በ24 ሳንቲም ብቻ ነበር።

የሲምፕሌክስ መልስ ግን ክፍልፋይ ሊሆን ይችላል። ዱቄት በግራም ይከፋፈላል፤ ምድጃ ግን ግማሽ ጊዜ አይለኮስም። እንበልና አንድ ዳቦ ቤት 1,000 ዳቦ ታዟል። ትልቁ ምድጃ በአንድ ዙር 300 ዳቦ በ900 ብር ይጋግራል፤ ትንሹ 120 ዳቦ በ400 ብር። በዳቦ ሲታሰብ ትልቁ ይረክሳል፤ ስለዚህ መስመራዊው ስሌት ትልቁን ሦስት ዙር ከሢሶ አስነድቶ 3,000 ብር ይላል። ሢሶ ዙር የለም። ወደ 4 ከፍ ቢደረግ 3,600 ብር ይሆናል፤ ወደ 3 ዝቅ ቢደረግ 100 ዳቦ ይጎድላል። ትክክለኛው መልስ ትልቁን 3፣ ትንሹን 1 ጊዜ ማንደድ ነው፤ 1,020 ዳቦ በ3,100 ብር።

እንዲህ ያለውን የሙሉ ቁጥር መልስ በዘዴ መፈለግ ያስተማሩት በ1958 ራልፍ ጎሞሪ፣ በ1960 ደግሞ የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ሴቶች ኤልሳ ላንድና አሊሰን ዶይግ ናቸው። የሴቶቹ መንገድ ጥያቄውን ለሁለት መክፈል ነው፤ ትልቁ ምድጃ ወይ 3ና ከዚያ በታች፣ ወይ 4ና ከዚያ በላይ ይነድዳል። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ለብቻው ይሰላል፤ እስካሁን ከተገኘው መልስ የሚብስ ቅርንጫፍም ይቆረጣል።

ሊዮ በ1965 ጡረታ ወጣ። ያ 120 የሰው ቀን የወሰደው የምግብ ስሌት ዛሬ በተራ ላፕቶፕ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ዳቦ ቤት ያለው ሰው የምድጃዎቹን የዙር ወጪና የቀኑን ትዕዛዝ በአንድ ወረቀት ጽፎ ይጀምር፤ ቀሪውን ስሌት ኤክሴል ውስጥ ያለው ሶልቨር ይሠራለታል።